የእንቁላል ማስፈልፈያዬ የሙቀት ንባብ አምፖሉ ሲበራ 3 ዲግሪ ይዘላል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ አዘዞ_ጫጩት

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ? አዘዞ ላይ የ60 እንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን እየሠራሁ ነው። ያለኝ አርዱይኖ ኡኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ)፣ ኤ0 በሚባለው የንባብ ፒኑ ላይ የተሰካ ኤልኤም35 የሙቀት ሴንሰርና ባለ ሁለት ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ሞጁል ነው። አንዱ ሪሌ የ220 ቮልቱን አምፖል፣ ሌላው የ5 ቮልት ፋን ያበራል፤ ሁለቱም አብረው ይበራሉ፣ አብረው ይጠፋሉ። ኃይሉ ከስልክ ቻርጀር በዩኤስቢ ይገባል፤ ሪሌውም ፋኑም የሚጎትቱት ከኡኖው የ5 ቮልት ፒን ነው። ሴንሰሩ በ1 ሜትር ተኩል ሽቦ ሳጥኑ ውስጥ ተንጠልጥሏል።

አምፖሉ ጠፍቶ ሳለ ንባቡ 37.1 እና 37.6 ላይ ይመላለሳል፤ በመካከላቸው ሌላ ቁጥር አይታይም። አምፖሉ ሲበራ ግን ወዲያው 40 ይላል። ኮዱ «ሞቀ» ብሎ ያጠፋዋል፣ ሲጠፋ 37 ይሆናል፣ መልሶ ያበራዋል፤ ሪሌው እንደ ልብስ ስፌት መኪና ይንጣጣል። የ10 ንባብ አማካይ ወሰድኩ፣ ወደ 50 ከፍ አደረግሁት፣ ለውጥ የለም። 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሴንሰሩ መውጫ ላይ ብሰካ ጭራሽ ባሰበት።

ማራኪ_ላብ

ወንድሜ፣ አማካይ የሚጠቅመው ወደ ላይም ወደ ታችም ለሚዋዥቅ ንባብ ነው። ያንተ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው የሚዘለው፤ የተሳሳተ ቁጥር አንድ ሺህ ጊዜ ብትደምረው አማካዩም ያው የተሳሳተ ቁጥር ነው።

በመጀመሪያ 37.1 እና 37.6ን እንይ። ኡኖ 5 ቮልትን በ1024 ይከፍላል፤ አንዱ እርከን 4.9 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ኤልኤም35 በዲግሪ 10 ሚሊቮልት ስለሚሰጥ አንዱ እርከን ግማሽ ዲግሪ ሆነ ማለት ነው። እርከን 76 ሲሆን 37.1፣ 77 ሲሆን 37.6። መካከሉ ላይ ቁጥር የጠፋው ቦርዱ ስለማያውቀው ነው።

የ40ው ጉዳይ ይለያል። ኮድህ ሪፈረንሱን (ቦርዱ ሌላውን ቮልቴጅ የሚለካበትን ማነጻጸሪያ) 5.0 ቮልት ብሎ ያሰላል፤ ሪፈረንሱ ግን ያው የቻርጀሩ መስመር ነው። ሁለቱ የሪሌ መጠምጠሚያዎች እያንዳንዳቸው 70 ሚሊአምፔር ገደማ ይስባሉ፣ ፋኑም 150 ያህል ይጨምራል። በቀጭን የቻርጀር ኬብል ይህን ስትጎትት 5 ቮልቱ ይወርዳል። 4.7 ሆነ እንበል፤ 37.5 ዲግሪ ማለት 375 ሚሊቮልት ስለሆነ በ4.7 ሲካፈል 5.0 የሚያውቀው ኮድህ 39.9 ብሎ ያነበዋል። ሙቀቱ አልጨመረም፣ መለኪያው ነው ያጠረው።

መልቲሜትርህን የ5 ቮልቱ ፒንና ግራውንድ (የጋራው ዜሮ ቮልት) ላይ አድርገህ አምፖሉን አብራና አጥፋ፤ የሁለቱን ቁጥር ጻፍልን።

መፍትሔው ሪፈረንሱን ወደ ውስጠኛው 1.1 ቮልት መቀየር ነው። ኮዱ ውስጥ አናሎግ ሪፈረንስን «ኢንተርናል» በለው፤ ከቀየርክ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ንባቦች ጣላቸው። እርከኑ ወደ 0.1 ዲግሪ ይወርዳል፣ የቻርጀሩ መዋዠቅም አይነካህም። ጣሪያህ 110 ዲግሪ ነው፤ ለጫጩት ከበቂ በላይ። «1.1» የሚባለው ግን ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ሊለያይ ይችላል፤ ኮዱ እየሠራ ኤሬፍ (የሪፈረንሱን) ፒን በመልቲሜትር ለካና ያገኘኸውን ቁጥር ስሌቱ ውስጥ አስገባ። ከኤሬፍ ወደ ግራውንድ 100 ናኖፋራድ ሴራሚክ («104» የተጻፈበት) አድርግ። ሌላ ቮልቴጅ ግን እዚያ ፒን ላይ በፍጹም እንዳታስገባ፣ ቺፑን ታቃጥላለህ።

ጋሽ_ራዲዮ

ልጄ፣ ያን 100 ማይክሮፋራድ አሁኑኑ ንቀለው። ኤልኤም35 ያለ ረዳት የሚሸከመው 50 ፒኮፋራድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ራሱ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል። የ1 ሜትር ተኩል ሽቦህ ብቻውን ከዚያ ያልፋል። ሴንሰሩ እግር አጠገብ፣ መውጫው ላይ፣ 2 ኪሎኦም ሬዚስተር በተከታታይ በይድ። ካፓሲተሩ በሌላው ጫፍ፣ ኤ0 አጠገብ ወደ ግራውንድ ይገባል፤ 1 ማይክሮፋራድ ይበቃል። ይህ ከ80 ኸርዝ በላይ ያለውን ያዳክማል። ሬዚስተሩን ከ10 ኪሎኦም አታስበልጥ፣ ቦርዱ በትክክል ማንበብ ያቅተዋል።

ሴራሚክ ካፓሲተር ሱቅ ካጣህ ከተጣለ ቴሌቪዥን ቦርድ ንቀል። ኤሌክትሮላይት ያረጀ ከሆነ አትጠቀምበት።

አዘዞ_ጫጩት

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ነቅዬዋለሁ። ማራኪ_ላብ፣ ጠፍቶ 5.02፣ በርቶ 4.71 ነው። ሪፈረንሱን ቀየርኩ፤ ኤሬፍ 1.08 ሆኖ ተገኘ። ዝላዩ ከ3 ዲግሪ ወደ ግማሽ ዲግሪ ወረደ። ግማሹ ግን አልሄድ አለ፤ አሁንም ወደ ላይ ብቻ ነው።

ፋሲል_ቮልት

ግማሹ ግራውንድ ነው። መልቲሜትርህን ሚሊቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ የኤልኤም35 ግራውንድ እግር ላይ፣ ሌላውን የኡኖው ግራውንድ ፒን ላይ ያዝ። ፋኑ ሲነሳ 5 ሚሊቮልት ካየህ ግማሽ ዲግሪህ እሱ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ፋኑ፣ ሪሌውና ሴንሰሩ ብሬድቦርዱ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ በአንድ የግራውንድ መስመር ተያይዘው በአንድ ቀጭን ጃምፐር (ማገናኛ ሽቦ) ወደ ኡኖ ይመለሳሉ። 290 ሚሊአምፔር በ0.02 ኦም ላይ ሲያልፍ 6 ሚሊቮልት ገደማ ይፈጥራል፤ ሴንሰሩ ደግሞ የሚለካው ከዚያ ከፍ ካለው ግራውንድ ተነስቶ ነው። የላላ ጃምፐር ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ይብሳል።

ስለዚህ የሴንሰሩን ግራውንድ ለብቻው፣ ማንም ሳይጋራው፣ ቀጥታ ኡኖው ፒን ላይ አስገባ። ለፋንና ለሪሌ ሌላ ቻርጀር መድብ። ባለ ሁለት ሪሌ ሞጁልህ «ጄዲ-ቪሲሲ» የሚል ጃምፐር (ሁለት ፒን የሚያገናኝ ትንሽ ቆብ) ካለው አውጣው፤ ሁለተኛው ቻርጀር ወደ ጄዲ-ቪሲሲና ግራውንድ፣ የኡኖው 5 ቮልት ወደ ቪሲሲ፣ ከኡኖው የሚመጣው ትእዛዝ ወደ ኢን (መግቢያው ፒን)። የኡኖውን ግራውንድ ሞጁሉ ላይ አትሰካ፤ ኦፕቶካፕለሩ (ትእዛዙን በብርሃን የሚያሻግረው ክፍል) የሚለያቸው ያኔ ብቻ ነው። ሞጁሉ ያ ጃምፐር ከሌለው ኃይሉን ቢያንስ ከኡኖው ፒን ሳይሆን ከቻርጀሩ በቀጥታ ውሰድ።

ፋኑ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ነጭ መስመሩ ወደ ፖዘቲቭ። የሴንሰሩን ሦስት ሽቦዎች ገምደህ ከ220 ቮልቱ መስመር አርቃቸው፤ መገናኘት ግድ ከሆነ በመስቀለኛ ይለፉ እንጂ ጎን ለጎን አይሂዱ። የኔትዎርክ ኬብል ቁራጭ ለዚህ ጥሩ ነው።

በነገራችን ላይ ፋኑ ከአምፖሉ ጋር ለምን ይጠፋል? ሁልጊዜ ይዙር፤ አለዚያ የላይኛውና የታችኛው እንቁላል ሙቀት ይለያያል።

ማራኪ_ላብ

አሁን ነው አማካዩ ዋጋ የሚኖረው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። በቁጥር ሳይሆን በጊዜ ለካ፦ 20 ሚሊሰከንድ እስኪሞላ ደጋግመህ አንብብ፣ ደምር፣ ለንባቡ ብዛት አካፍል። አንዱ ንባብ 0.11 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚወስድ ወደ 180 ንባብ ይሆናል፤ ከመብራት መስመር የሚገባው ንዝረት ሙሉ ዙር ሲደመር ይሰረዛል። ድምሩን «አንሳይንድ ሎንግ» አድርገው። «ኢንት» ካደረግከው 32,767 ላይ ይሞላል፤ በ37.5 ዲግሪ ንባብህ 350 አካባቢ ስለሆነ ከ93 ንባብ በኋላ ድንገት ነጌቲቭ ሙቀት ታያለህ።

አምፖሉንም በአንድ ቁጥር አታብራና አታጥፋ። 37.3 ላይ ይብራ፣ 37.6 ላይ ይጥፋ፣ አንዴ ከተቀየረም ቢያንስ 10 ሰከንድ ይቆይ።

አዘዞ_ጫጩት

ግራውንዱን ለየሁ፣ ዝላዩ ጠፋ። ንባቡ በ0.1 ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ትክክለኛነቱን በፈላ ውሃ ላረጋግጥ? ወይስ ዲኤስ18ቢ20 የሚባለውን ሌላ ሴንሰር ልግዛ?

ጋሽ_ራዲዮ

በፈላ ውሃ እንዳትሞክረው። ጎንደር ከፍታው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 ብለህ ካስተካከልክ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ስለሚያሳይ ሳጥኑ ይቀዘቅዛል፣ እንቁላሉን ታበላሸዋለህ። ከፋርማሲ ዲጂታል የትኩሳት ቴርሞሜትር ውሰድ፣ ሴንሰሩን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልል፣ ሁለቱን በ38 ዲግሪ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ ላይ ይዘህ አማስል፤ ልዩነቱን ኮዱ ላይ ደምር ወይም ቀንስ።

ዲኤስ18ቢ20 ዲጂታል ስለሆነ የግራውንዱም የሪፈረንሱም ጣጣ የለበትም፤ 4.7 ኪሎኦም ከዳታ ወደ 5 ቮልት ብቻ ይፈልጋል። ግን እሱም ግማሽ ዲግሪ ሊስት ይችላል፣ ስለዚህ ያንኑ የውሃ ማስተካከያ ይፈልጋል። ያለህ እየሠራ ከሆነ ገንዘብህን አታባክን።