ቃሪያዬ እየጠወለገ ነው፣ ውሃ ሳበዛለት ጭራሽ ባሰበት

ለምለም፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባልዲ ውስጥ የተከልኩት አንድ ቃሪያ አለኝ፣ ሰሞኑን ሁኔታው አላማረኝም። የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ገና ነካ ሲያደርጓቸው ይረግፋሉ። የላዮቹ ተዝለፍልፈዋል፣ ጫፍ ላይ ያሉት ለጋዎቹ ደግሞ ተጨማደው ወደ ውስጥ ተጠቅልለዋል። አበባ ያወጣል ግን ፍሬ ሳይይዝ ዱብ ዱብ ይላል። ጠምቶት ይሆናል ብዬ ጠዋትና ማታ አጠጣዋለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ዩሪያ ልጨምርለት ወይስ ነቅዬ ልገላገል? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ በናታችሁ።

የጓሮ ሰው፦
ዩሪያውንም መንቀሉንም ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ጣትሽን አፈሩ ውስጥ አጥልቀሽ ክተቺ። ላዩ ደረቅ ሊመስል ይችላል፣ እሱ አይሸውድሽ። ውስጡ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከጠወለገ ጥማት ሳይሆን ሥሩ ታፍኖ ነው። ሥር አየር ይፈልጋል፤ በአፈሩ መሀል ያለው ክፍተት ሁሉ ውሃ ከሞላው ኦክስጅን ያጣና መበስበስ ይጀምራል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይጠወልጋል፣ ባለቤቱ ያንን አይቶ ሌላ ጆግ ያፈስበታል፣ በዚያው ያልቅለታል።

በቀትር ብቻ ጠውልጎ ማታ ቀና የሚል ከሆነ ግን አታስቢ። ፀሐይ ሲበረታ ቃሪያ እንደዚያ ያደርጋል።

የባልዲው ሥር ቀዳዳ አለው? ካለው ተደፍኖ እንዳይሆን እዪው። ከዚያ ተክሉን ከነአፈሩ ቀስ አድርገሽ አውጪና ሥሩን ተመልከቺ። ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው። የበሰበሰው ቡናማ ነው፣ ያሟልጫል፣ ይሸታል፤ በሁለት ጣት ይዘሽ ሳብ ስታደርጊው ቅርፊቱ እጅሽ ላይ ይቀርና ክር የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል።

ቅጠል ገላጭ፦
ውሃው እንዳለ ሆኖ፣ የለጋው ቅጠል መጠቅለል ሌላ ጣጣ ነው የሚመስለኝ። ቅጠሉን ገልብጠሽ ጀርባውን አየሽው? ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ትንንሽ ተባይ) ካለበት የቅጠሉን ደም ሥር ተከትለው ተደርድረው ታገኛቸዋለሽ፣ አረንጓዴ ወይ ጥቁር፣ ከሰሊጥ ፍሬ ያነሱ። ቅጠሉ እጅ ላይ ይጣበቃል። ጉንዳን ግንዱ ላይ ወጣ ገባ ካለማ አትጠራጠሪ፣ የሚመላለሰው ክሽክሽ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ነው።

መጀመሪያ በውሃ ግፊት እጠቢያቸው። ካልለቀቁ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ የቅጠሉን ጀርባ በደንብ ርጪ። የልብስ ዱቄት ሳሙና እንዳትሞክሪ፣ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ሲመሽ ይሁን፣ በፀሐይ አይደለም። አንድ ቅጠል ላይ ሞክረሽ አሳድሪው፣ ካልጎዳው ሙሉውን ቀጥዪ፤ ከ5 ቀን በኋላ ድገሚው ምክንያቱም ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው።

ምንም ሳታዪ ለጋው ቅጠል ጠብቦ፣ ጠጥሮ፣ ሲነኩት የሚሰበር ከሆነ ግን በዓይን የማይታይ ሸረሪት መሰል ተባይ ሊሆን ይችላል። እሱ ይከብዳል። ቢጫና አረንጓዴ ዝንጉርጉር ከሆነ ደግሞ ቫይረስ ነው፣ መድኃኒት የለውም፤ ያኔ ነቅለሽ አስወግጂው፣ ሌላ ተክል ከመንካትሽ በፊትም እጅሽን ታጠቢ።

ቁረጠው በቃ፦
እኔ ይህን ሁሉ አልልም። ከመሬት አንድ ስንዝር ትተሽ ቁረጪው። ቃሪያ የአንድ ወቅት ተክል ይመስላል እንጂ ብርድ ካላገኘው ዓመታት ይቆያል፣ ከአንጓው ላይ እንደ አዲስ ያቆጠቁጣል።

የጓሮ ሰው፦
@ቁረጠው በቃ፣ ሥሩ ደህና ለሆነ ተክል ልክ ነህ። ሥሩ ለታመመ ግን ቅጠሉን ሁሉ መውሰድ ምግብ የሚሠራበትን መንጠቅ ነው። አሁን መነሳት ያለበት አበባው፣ እንቡጡና የሞተው ቅርንጫፍ ነው። ያለ የሌለ ጉልበቱ ወደ ሥሩ ይሂድ። የቱ እንደሞተ ለማወቅ በጥፍር ፋቅ አድርጊው፦ ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴ ከሆነ አለ፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ የለም።

የአበባው መርገፍ እንኳ ብቻውን ብዙ አያስደነግጥም። ቀኑ ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ወይም ሌሊቱ ከ15 በታች ሲቀዘቅዝ ጤነኛውም ያረግፋል። ዩሪያ ማብዛትም ያው ነው፣ ቅጠሉ ይንዠረገግና ፍሬው ይጠፋል።

ለምለም፦
አወጣሁት። ቀዳዳው በጭቃ ተደፍኗል፣ ታች ያለው አፈር የረግረግ ሽታ አለው። የዳር ሥሮቹ ቡናማ ናቸው፣ እንዳልከው ክር ብቻ የቀረውም አለ፤ መሀሉ ግን ገና ነጭ ነው። ቅጠሉ ጀርባ ላይም ክሽክሽ አለ፣ ለዚያውም እንዴት ያለ! አሁን እንዴት ልትከለው?

የጓሮ ሰው፦
መሀሉ ነጭ ከሆነ ተስፋ አለው። ቡናማውን በንጹሕ መቀስ ቁረጪ። አሮጌውን አፈር አራግፊና አዲስ ለስለስ ያለ አፈር ተጠቀሚ፣ የበሰለ ኮምፖስትና ትንሽ አሸዋ ቀላቅዪበት። ባልዲው ትልቅ ከሆነ አነስ ወዳለ ነገር አዛውሪው፤ ጥቂት ሥር ብዙ አፈር ውስጥ ሲሆን ውሃው ቶሎ አይደርቅም። አንዴ አጠጪና ከላይ ያለው አፈር ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እስኪደርቅ አትመለሺበት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጥላ ውስጥ ይቆይ፣ ከዚያ የጠዋት ፀሐይ አስለምጂው።

ቢጫ የሆነው ቅጠል ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፣ እሱን እያየሽ አትጨነቂ። ጫፉን ነው የምታዪው። አዲስ ለጋ ሲያወጣ ያኔ ማዳበሪያ፣ ያውም በትንሹ።

ቅጠል ገላጭ፦
ሳሙናውን ደግሞ ዛሬ እንዳትረጪ። አሁን የተዛወረ ተክል ነው፣ እስኪረጋጋ ክሽክሹን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊለት።