አንሎክድ ብዬ የገዛሁት አይፎን ሲሙ ስር ቺፕ ተለጥፎበታል

ቀትር_አይደርስም፦
ሰላም ናችሁ? ከሁለት ሳምንት በፊት ያገለገለ አይፎን 12 ገዛሁ። ሻጩ "አንሎክድ ነው፣ የፈለግሽውን ሲም ክተቺ" አለኝ። ሠራ፣ ይዤው ሄድኩ። ያማረረኝ ባትሪው ነው። ጠዋት 100 ሞልቼው እወጣለሁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቀይ ያበራል። ባትሪ ሄልዙ (አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው አሁን የሚይዘው) 79 ፐርሰንት ይላል። ላስቀይረው ስል ትናንት ሲሙን ሳወጣ ከስሩ እንደ ወረቀት የሳሳች ቺፕ ተለጥፋ አየሁ። ምንድን ናት? ባትሪዬን የምትበላው እሷ ትሆን?

ፈታታሁት፦
እህቴ፣ ባትሪውን ለጊዜው ተይው። ስልክሽ አንሎክድ አይደለም። ቺፗ በሲምሽና በስልኩ መሀል ገብታ ስልኩን ትሸውደዋለች፤ የገባው ሲም፣ ስልኩን ለራሱ ሲም ብቻ የቆለፈው የስልክ ድርጅት ሲም ይመስለዋል። ዛሬ ይሠራል። ነገ አፕዴት ወይም ሪሴት ስታደርጊው ኔትወርክ አጥቶ ሊቀር ይችላል። እኔም ተሸውጄበታለሁ። ሻጩ ፊት ደውዬ ሁሉ ሞክሬ ነበር፤ ሲሙን የከተተልኝ ግን ራሱ ነው።

ቺፗን አውጪና ሲሙን ብቻ መልሺ። ከዚያ ሴቲንግስ፣ ጀነራል፣ አባውት ገብተሽ "ካሪየር ሎክ" የሚለውን ፈልጊ። "ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ" ካላለ ተቆልፏል። በደንብ የሚከፍተው የቆለፈው ድርጅት ብቻ ነው። ይሄ ሳይጣራ ባትሪ እንዳታስቀይሪ።

ጥላ_ስር፦
ስለ ባትሪው እኔ ልጨምር። አፕል ለአይፎን 14ና ከእሱ በፊት ለነበሩት ያስቀመጠው ልክ፣ ከ500 የቻርጅ ዙር በኋላ ባትሪ ሄልዙ 80 ፐርሰንት ነው። ዙር ማለት አንዴ መሰካት አይደለም፤ ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ከተጠቀምሽ አንድ ዙር ነው። ስለዚህ ያንቺ አርጅቷል። ግን 79 ስለሆነ ብቻ በግማሽ ቀን አያልቅም። ኔትወርክ ደካማ የሆነበት ቦታ ነው የምትውይው? ስልኩ ኔትወርክ ሲያሳድድ ከዋለ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ደግሞ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አትተዪው፤ ከ35 ዲግሪ በላይ ሙቀት የጎዳው ባትሪ ወደ ነበረበት አይመለስም።

ቀትር_አይደርስም፦
ቺፗን አወጣኋት። "ሲም ኖት ሰፖርትድ" ብሎ ቁጭ! ካሪየር ሎክም "ሲም ሎክድ" ይላል። የምሠራው ደግሞ ምድር ቤት ነው፤ ኔትወርኩ ከአንድ መስመር አያልፍም፣ ጥላ_ስር አውቀኸኛል መሰለኝ። ሻጩ ጋ ስደውል "ቺፗን ማን ንኪ አለሽ?" ብሎ እሱው ተቆጣ። ከብዙ ንትርክ በኋላ መልሺው አለኝ። አሁን ሌላ አይቻለሁ፣ ያገለገለ አይፎን 12 ሆኖ ባትሪ ሄልዙ 100 ነው።

ፈታታሁት፦
ለዚያ ዕድሜ 100 ብዙ ነው፣ ባትሪው ተቀይሮ ይሆናል። መቀየሩ ባልከፋ፣ በምን እንደተቀየረ ነው ነገሩ። እዚያው አባውት ውስጥ "ፓርትስ ኤንድ ሰርቪስ ሂስትሪ" የሚል ካገኘሽ ባትሪውን እዪ። "አንኖውን ፓርት" (ያልታወቀ ዕቃ) ካለ ያ 100 አያጓጓሽ። ሲሙን ደግሞ ራስሽ ክተቺ፣ መርፌውን ከቤት ይዘሽ ሂጂ።