ፓስወርድ ቀይሬም ሰው ዋይፋዬ ውስጥ ይገባል

ሰላም ቤተሰብ። የዋይፋይ ፓስወርዴን በሳምንት ሁለቴ ቀየርኩ፣ የማላውቀው ስልክ ግን ተመልሶ ይገባል። ከእኔና ከሚስቴ በቀር የሚያውቀው የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደብሊውፒኤስ (ፓስወርድ ሳይጻፍ በፒን ወይም በቁልፍ ከዋይፋይ የሚያገናኘው የራውተሩ አማራጭ) በርቶ ይሆናላ። ራውተሩን ገልብጠህ እየው፣ ስቲከሩ ላይ የእሱ 8 አሃዝ ፒን ሊኖር ይችላል። ሲያዩት ብዙ ይመስላል፣ ግን ብዙ ራውተር የመጀመሪያዎቹ 4 አሃዞች ልክ መሆናቸውን ለብቻ ይናገራል፣ የመጨረሻዋም ከሌሎቹ የምትሰላ ናት፤ ስለዚህ ቢበዛ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ቀዳዳ ነው። ፒኑ ከተገኘ ራውተሩ ራሱ አዲሱን ፓስወርድ ያቀብላል። ደብሊውፒኤሱን አጥፋና ፓስወርዱን እንደገና ቀይር።

ሌላ መልስ፦ የራውተሩ ሴቲንግ መግቢያስ? ስሙም ፓስወርዱም አሁንም አድሚን፣ አድሚን ነው እንዳትለኝ! ሚራይ የተባለው ቫይረስ በ2016 እ.ኤ.አ. ካሜራና ራውተር የወረረው በእንዲህ ያለ የፋብሪካ ፓስወርድ ነው።

ጠያቂው፦ አድሚን፣ አድሚን ነበር 😅 ሁለቱንም አስተካከልኩ። ስልኩ ጠፋ። የጎረቤቴ ልጅ ግን ዛሬ «ኔትወርክ የለም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።