የአባቴ ላንድክሩዘር፦ ሞተሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

የቡላ ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ እያነበብኩ ዝም የምል ነበርኩ፤ አሁን ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

አባቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሲያርፍ ላንድክሩዘሩን ለእኔ ትቶልኛል። ኤፍጄ 40 ናት፤ ሾርት ቤዝ፣ በፈረንጅ 1976 ሞዴል፣ 2ኤፍ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ያላት፣ ባለ አራት ማርሽ። ቀለሟ ቡላ ስለሆነ ስሟም ቡላ ነው። አባቴ የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ እኔ ሳልወለድ ከጨረታ ነው ያነሳት። የነዳጅ ታንከሯ ከጋቢናው ወንበር ስር ስለሆነ ልጅነቴ በሙሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ከስምንት ወር በፊት ካርቡራተሩ (ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ቤንዚን ማንጠባጠብ ጀመረ። የወሰድኳት ጋራዥ «የድሮው አይጠገንም» ብሎ አዲስ ገጠመልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡላ ሌላ መኪና ሆነች። ጥቁር ጭስ ታጨሳለች። በሊትር ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ብትሄድ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣ የነበረችው አሁን በሁለተኛም ታቃስታለች፤ ከኋላዬ የሚመጣ ሚኒባስ ሁሉ ክላክሱን እየነፋ ያልፈኛል። ካንዴላዎቹን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ እሳት የሚጭሩትን) ሳወጣቸው ጥላሸት የተቀቡ ነው የሚመስሉት፤ እጄን አጠቆሩት።

ተመልሼ ስሄድ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት) ለኩ። ቁጥሮቹን ስልኬ ላይ ጽፌያቸዋለሁ፤ ከአንድ እስከ ስድስት፦ 114፣ 116፣ 112፣ 115፣ 113፣ 116። «መሆን ያለበት 150 ነው፤ ሞተሩ አልቋል፤ እናውጣውና 3ቢ የሚባለውን የናፍጣ ሞተር እናስገባ» አሉ። አሉ ስል ለእኔ አይደለም፤ ለወንድሜ ነው። እሱ ሊሸኘኝ ነው የመጣው፤ ካንዴላን ከሻማ አይለይም። የጠሩት ዋጋ ደግሞ የዓመት ደሞዜን በልቶ አይጠግብም። መምህር ነኝ።

ቦሎ የማሳድሰው ከወር በኋላ ነው። በዚህ ጭስ ምርመራውን እንደማታልፍ ለእኔም ግልጽ ነው። እና ልቀይረው? የቀየረ ካለ እውነቱን ይንገረኝ።

(ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም፤ ለፋሲካ መተሐራ አክስቴ ጋ ሄጄ ነበር። አዳማን አልፌ ስወርድ ቡላ ድንገት ነፍስ ዘራች። ጭሱም ጠፋ። መተሐራ ሦስት ቀን እንደ ጥንቷ ሆና ከረመች። ስመለስ ቢሾፍቱ ላይ ሳሏ ተነሳባት።)

ናፍጣ ይሻላል

እህቴ፣ እኔ ቀይሬያለሁ። የኔም 40 ነበረች፣ ያው 2ኤፍ። ከስድስት ዓመት በፊት 3ቢ አስገባሁ። አሁን አገር አቋራጭ ላይ በሊትር 9 ትሄዳለች፤ ለኪሴ ጥሩ ነው፤ አልጸጸትም።

እውነቱን ንገሩኝ ስላልሽ ግን ሌላውንም ስሚ። ፍጥነት ፈልገሽ ከሆነ እርሺው። 3ቢ ወደ 90 ፈረስ ጉልበት ነው፤ ያንቺ 2ኤፍ ፋብሪካው 135 ብሎ ነው ያወጣው። ዳገት ላይ ቀስ ብሎ ይጎትታል እንጂ አይሮጥም። ድምፁና ንዝረቱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያስቀመጥኩት ቁልፍ ጎጃም በረንዳ ሳልደርስ እግሬ ስር ይገኛል።

ሥራውም ሞተር አውጥቶ ሞተር ማስገባት ብቻ አይደለም። ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘው ቤት ከናፍጣው ጋር አብሮ መምጣት አለበት። የሞተር መቀመጫዎቹ ተቆርጠው እንደገና ይበየዳሉ። የኔ 3ቢ ሞተሪኖው (ማስነሻው) 24 ቮልት ሆኖ ተገኘ፤ መኪናዋ 12። ይህን ያወቅነው ሁሉም ነገር ከታሰረ በኋላ ነው።

ከሁሉ የባሰኝ ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ። የገዛሁት ሞተር ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ወረቀቱ) ከሻጩ እጅ አልነበረም፤ ሻጩ ደግሞ ስልክ አያነሳም። ሰባት ወር ተመላለስኩ። ወረቀቱን በእጅሽ ሳትይዢ አንድ ብር እንዳትከፍዪ።

ሰባት ቁጥር

ምን ታስጨንቂያለሽ፣ ሽጪልኝ። እንዳለች፣ ከነጭሷ። በ2016 በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ እንደዚህች ያለችውን በሻማ ነው የምንፈልገው።

የቡላ ልጅ

ቡላ አትሸጥም። ለናፍጣው ወንድሜ ግን በጣም አመሰግናለሁ፤ የ24 ቮልቱን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር።

ጋሽ ፑንቲና

ልጄ፣ ሞተርሽን እንዳታስነኪ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንቺ ደግሞ አልደበቅሽም፤ መጨረሻ ላይ በቅንፍ ወሸቅሽው እንጂ። መተሐራ ወርዳ የዳነች መኪና ሞተሯ አላለቀም። ያለቀ ሞተር ቆላም ደጋም ያለቀ ነው። እኔ ድሬዳዋ ሠላሳ አንድ ዓመት እጄን ዘይት ነክሬ ኖሬያለሁ፤ ከአዲስ አበባ የሚወርዱት መኪኖች እኛ ጋ ሲደርሱ ሲጨፍሩ፣ ከእኛ የሚወጡት ደግሞ ላይ ሲደርሱ ሲያስሉ አይቻለሁ።

ነገሩ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,300 እና 2,400 ሜትር ላይ ናት፤ መተሐራ 1,000 እንኳ አትሞላም። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ግን የዋህ ዕቃ ነው፤ አየሩ አንድ አምስተኛ ሲቀንስ እሱ ቤንዚኑን አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው የሚቀንሰው። የተረፈው ቤንዚን ሳይቃጠል ይወጣል። ጭስሽ እሱ ነው። ካንዴላሽ ላይ ያለው ጥላሸትም እሱ ነው። ገንዘብሽም እንደዚሁ።

አሁን ወደ ኮምፕሬሽኑ። ይህ ነው ያናደደኝ። 150 የሚለው የመጽሐፉ ቁጥር ነው፤ መጽሐፉ የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጤነኛው 150 እናንተ ጋ ሲለካ ከ115 ብዙም አይርቅም! ያንቺ ስድስቱም ከ112 እስከ 116 ናቸው። በትልቁና በትንሹ መካከል አራት ብቻ። አንዱ 115 ሆኖ ሌላው 80 ቢሆን ኖሮ ቫልቭ ወይም የፒስተን ፋሻ እንል ነበር። እነዚህ ግን ስድስት ወንድማማቾች ናቸው። አባትሽ ሞተሩን ጠብቆታል።

የለካው ልጅ ዋሽቷል አልልም። ቁጥሩን ተምሯል፣ ቁጥሩ የት አገር እንደተወለደ አልተማረም።

እና ምን ታደርጊያለሽ? የድሮውን ካርቡራተር ፈልጊው። ጥለውት ካልሆነ ውስጡ ትንሽ የናስ ቡሎን አለች፣ መሐሏ ቀዳዳ። ጄት የምትባለው ናት፤ ቤንዚኑ ተመጥኖ የሚያልፈው በእሷ ነው። አናቷ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። 120 ካለ ቀዳዳዋ 1.20 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። አዲሱ ላይ ያለችውንም አስወጥተሽ አንብቢ። አዲሱ 120 ሆኖ ካገኘሽው እናንተ ከተማ የሚስማማው 113፣ 114 አካባቢ ነው። ስትገጥሚያት በእጅሽ አስጀምሪያት፤ ጥርሱ እምቢ ካለ አታስገድጂው፣ የካርቡራተሩ ቤት ለስላሳ ነው።

ሁለተኛ፣ ከካርቡራተሩ ወደ ስፒንቴሮጀኑ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ ወደሚያከፋፍለው) የምትሄድ ቀጭን ጎማ አለች። አዲሱን ሲገጥሙ ብዙዎች ይረሷታል። ከካርቡራተሩ በኩል ንቀያትና በአፍሽ ሳቢ፤ የስፒንቴሮጀኑ ክዳን (ኮፐርኪዮው) ተከፍቶ ከሆነ ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ሲንቀሳቀስ ታያለሽ። ካልተንቀሳቀሰ ወይ ጎማዋ ተቀዳለች ወይ ሜምብራኑ ሞቷል። ይህን ለመሥራት ወንድምሽ አያስፈልግም።

የቫልቩንም ክፍተት ሞተሩ እንደሞቀ አስተካክዪ፤ መግቢያው 0.20፣ መውጫው 0.35 ሚሊ ሜትር።

ሲልቨር ስፕሪንግ

የጋሼን ነገር ከዚህ ማዶ ልመስክር። እኔም ሜሪላንድ አንድ 40 አለኝ፣ የ1977። እዚህ ከባሕር ብዙም ከፍ አንልም። በድሮው አምሳል የተሠራውን አዲስ ካርቡራተር ከሳጥኑ አውጥቼ ገጠምኩት፣ አንድ ቁልፍ ሳልነካው ሁለት ዓመት ሆነው። ዕቃው መጥፎ አይደለም፤ ለአዲስ አበባ አልተሠራም እንጂ።

የእኔ መከራ ዝገት ነው። ክረምት መንገዱ ላይ ጨው ይረጫሉ። ከኋላ ጎማ በላይ ያለው ላሜራ እንደ ድፎ ዳቦ በጣቴ ይቆረሳል። እናንተ ጋ ያለ የደረቀ ላሜራ እዚህ ወርቅ ነው፤ እህታችን ባትሸጪ ጥሩ አድርገሻል።

ደግሞ ሌላ ነገር፤ እዚህ መለዋወጫ ስጠይቅ ሁሌ ምላሴ ይያዛል። በጭንቅላቴ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው) ነው። ጃፓኖቹ የሠሩትን መኪና ጣሊያን በተወልን ቃል አሜሪካ ውስጥ አስጠግናለሁ።

የቡላ ልጅ

ጋሼ፣ ተቀምጠው ነው መሰለኝ የሚያነቡት፤ ካልሆነ ይቀመጡ።

ጋራዡ የድሮውን ካርቡራተር አልጣለውም ነበር፤ ከኋላ ወንበር ስር በከረጢት አድርገውት አገኘሁት። የጄቷ ቁጥር 114! አዲሱን አስከፈትኩ፣ 120። ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ነው የጮህኩት።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝና የአባቴን ዕቃ ቤት ገባሁ። ብሎኖቹን የሚያኖርበት የወተት ቆርቆሮ አለ። ገለበጥኩት። ከታች በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለች ትንሽ ነገር ወጣች፤ በቢክ የአባቴ ጽሑፍ «ለአሰብ» ይላል። ውስጧ ጄት፣ 120። አባቴ የአሰብ መንገድ ላይ ሲሠራ በዓመት ሁለት ሦስቴ ይወርድ እንደነበር አውቃለሁ፤ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከመሄዱ በፊት ባለው ቀን ኮፈኑን ከፍቶ ውስጡ የሚጎረጉረው ለምን እንደነበር አሁን ገባኝ። ሊወርድ ሲል ይቀይራል፣ ሊመለስ ሲል ይቀይራል ማለት ነው። የበፊቱ ጋራዥ እኔን ለአሰብ አዘጋጅቶ ሽሮ ሜዳ ለቀቀኝ።

ጎማዋም እንዳሉት ነው፤ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃለች። ሳብኩ፣ ምንም። ሶማሌ ተራ ሄጄ አንድ ሜትር ቀጭን ጎማ ገዛሁ፤ ሻጩ «ለባልሽ ነው?» አለኝ። «ለስፒንቴሮጀን ነው» አልኩት።

114ቷን ሰፈራችን ያለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ገጠመልኝ፤ በሁለተኛው ሙከራ ገባች። ቫልቩን እሱው አስተካከለ። ትናንት ጠዋት እንጦጦ ወጣሁ። በሦስተኛ። ማርያም ጋ ቆሜ ማርሚታዋ ውስጥ ነጭ ሶፍት ሰድጄ አሸሁት፤ ግራጫ ሆኖ ወጣ እንጂ ጥቁር አይደለም። ሙሉ ታንከር ሞልቼ እየለካሁ ነው፤ እስካሁን በሊትር 5 አልፋለች።

አሁን ግን የፊት ግራ ጎማዋ ከውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት ማንጠባጠብ ይዛለች፤ ከድሮም ትንሽ ነበረባት። ይህስ ያሰጋል?

ጋሽ ፑንቲና

ተቀምጬ ነው ያነበብኩት፤ ከዚያ ግን ተነሳሁ።

የሚንጠባጠበው ወፍራም ከሆነ ግሪስ ብቻ ነው፤ ቀጠን ብሎ እንደ ሾርባ ከሆነ የዲፈረንሻሉ ዘይት የውስጥ ሲሉን (ዘይት የሚይዘውን ጎማ) አልፎ ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። የዲፈረንሻሉን የዘይት መሙያ ቡሎን ፍቺና ጣትሽን አስገቢ፤ ዘይቱን ካልነካሽ ወርዷል ማለት ነው፣ ሙይው። ሁለቱንም ጎማ አስፈትተሽ ሲሉን በአንዴ አስቀይሪ፤ አንዱን ብቻ የቀየረ ሌላውን በሦስተኛው ወር ይፈታል። ሲፈታ ኩሽኔታዎቹን ፎቶ አንሽልኝ።

የድሮውንም ካርቡራተር እንዳትጥይው። የሚያንጠባጥበው ዘንጉ በልቶት ከሆነ ቶርኖ ቤት ቡሽ ይገባለታል። «ለአሰብ» የምትለውን ደግሞ እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ መልሻት፣ ከነጋዜጣዋ።