በፊልም ያነሳችሁትን ፎቶ ኦንላይን የምታወጡት እንዴት ነው? (አክስቴም ተቆጥታለች)

የዜኒቱ ልጅ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ጽሑፌ ሊረዝም ነው፣ ታገሱኝ።

አባቴ በ1973 ዓ.ም. ኦዴሳ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ ዜኒት ካሜራ አለን። ዜኒት ኢ የሚባለው፣ ሄሊዮስ ሌንስ ያለው። ቁም ሳጥን ላይ፣ ከነቆዳ ቦርሳው፣ ማንም ሳይነካው ስንት ዓመት ተቀምጧል። ክብደቱ ለጉድ ነው። የብርሃን መለኪያው ሞቷል፤ መርፌዋ ፀሐይ ላይ ቢይዟት እንኳ ንቅንቅ አትልም። ሻተሩ (ብርሃን ለቅጽበት የሚያስገባው መጋረጃ) ግን ይሠራል፣ ያውም "ቷ!" ብሎ። ድመታችን ሶፋ ስር ነው የምትገባው።

የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ ኤችፒ 5 የሚባል ባለ 36 ፎቶ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሁለት ላከልኝ። አንዱን ጨረስኩ። የሰፈራችን ፎቶ ቤት ፊልም ማጠብ ካቆመ ቆይቷል፤ ባለቤቱን ስጠይቀው ሳቀና "ጉርድ ከሆነ በአምስት ደቂቃ አደርስልሃለሁ" አለኝ። ስለዚህ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ተፈልጎ፣ እዚያ ታጥቦ፣ ደግሞ የሚመጣ ሰው ተጠብቆ፣ ኔጋቲቩ (ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ የሚታይበት የታጠበው ፊልም) እጄ የገባው ከአራት ወር በኋላ ነው። ምን እንዳነሳሁ ራሱ ረስቼው ነበር።

ከ36ቱ 11 ፎቶ ወጣልኝ። በጣም የወደድኩት የአክስቴን ነው። ግቢ ውስጥ በርበሬ አስጥታ፣ ፀሐዩን በእጇ ስትከልል፣ የጣቶቿ ጥላ ፊቷ ላይ አርፏል። ቀኝ ጥጉ ላይ ነጭ ነገር አለ፣ ታናሽ ወንድሜ "አለቀ ወይ?" ብሎ የካሜራውን ጀርባ የከፈተ ቀን የገባ ብርሃን ነው። እኔ እንዲያውም እሱንም ወድጄዋለሁ።

ኔጋቲቩን በስልኬ አንስቼ ኢንስታግራም ላይ ለጠፍኩት። 14 ላይክ። አንዱ ጓደኛዬ "ይሄ የትኛው ፊልተር ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። አራት ወር ጠብቄ!

ሌላኛውን፣ የሰፈራችንን ሱቅ፣ የውጭ አገር የፊልም ሰዎች ያሉበት ግሩፕ ላይ አወጣሁት። እዚያ ከ200 በላይ ላይክ አገኘሁ፣ የሌንሱ ነገር፣ የጥቁሩ ነገር፣ እያሉ አሞገሱኝ። በሦስተኛው ቀን አንድ አበሻ መጣና "ሱቁ በመስታወት ነው እንዴ የሚነበበው?" ብሎ ጻፈ። ሳየው ለካ ፎቶው ተገልብጧል። "ሱቅ" የሚለው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም ያወቀ አልነበረም።

ጥያቄዬ፣ ስካነር ሳይኖር ኔጋቲቭ ደህና አድርጎ ማውጣት ይቻላል? የትስ ነው የምታወጡት? ሌላው ደግሞ አክስቴ ከጎረቤት ልጅ ሰምታ "በሻሽ ነው እንዴ ያወጣኸኝ? በርበሬ ላይ ተጎልቼ?" ብላ አኩርፋኛለች። ላጥፋው ወይስ ያልፍላታል?

ሃያ ዲግሪ

ሱቁ ገደለኝ 😂 ሁላችንም አድርገነዋል፣ አትፈር።

መላው ቀላል ነው። ፊልሙ ሁለት ገጽ አለው፣ አንዱ ያብረቀርቃል፣ አንዱ ደብዘዝ ያለ ነው። የሚያብረቀርቀው ወደ ስልክህ ካሜራ ይዙር። ዳር ዳሩ ላይ ያሉት ቁጥሮችና ጽሑፎች በትክክል ከተነበቡህ ፎቶውም ትክክል ነው። ካልሆነም ስልኩ ላይ መገልበጥ ነው።

እኔ ስካነር ኖሮኝ አያውቅም። የማደርገውን ልንገርህ። ማታ መብራት አጠፋለሁ። ታብሌት ላይ ባዶ ነጭ ገጽ ከፍቼ ብርሃኑን እስከ መጨረሻ ከፍ አደርጋለሁ። ኔጋቲቩን ግን መስታወቱ ላይ አላስተኛውም፤ ከተኛ የስክሪኑ ነጠብጣቦች ፎቶው ላይ ይወጣሉ። የጫማ ካርቶን ቆርጬ፣ መሃሉን በአንድ ፍሬም ልክ በስቼ፣ ከስክሪኑ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ካርቶኑን ጥቁር ቀባው፣ በዙሪያው የሚመጣው ብርሃን ነው ፎቶውን የሚያገረጣው። ስልኩን ሁለት የመጽሐፍ ክምር ላይ አጋድመህ በሰዓት ቆጣሪ አንሳ፣ እጅህ እንዳይነካው። ከዚያ ቀለሙን መገልበጥ፣ አለቀ። ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ዕድለኛ ነህ። የቀለም ፊልም ቢሆን ብርቱካናማውን ሽፋን ለማጥፋት ስትታገል ታድር ነበር።

አቧራ! ከማንሳትህ በፊት ፓምፕ ወይም የሕፃን አፍንጫ መሳቢያ ጎማ ተጠቀም። በአፍህ እፍ አትበል፣ ምራቅ ይደርቅበታል።

ስለ ብርሃን መለኪያው አትጨነቅ። በጠራ ፀሐይ እንዳንተው ፍጥነቱ 400 የሆነ ፊልም ከሆነ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አድርገህ ሻተሩን 500 ላይ (የሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ) አሳርፈው። ዜኒት ከዚያ በላይ ፍጥነትም የለውም። ጥላ ውስጥ ከገባህ ኤፍ 5.6 ድረስ ክፈት። ኤችፒ 5 ይቅር ባይ ፊልም ነው፣ ትንሽ ብትስት አይቀየምህም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ

መጀመሪያ አንድ ነገር፣ ያንን ፊልም ያመጣልህ ሰው ሻንጣ ውስጥ ከትቶት ነበር ወይስ በእጁ? እኔ አንዴ ለወንድሜ ስልክ አምስት ፊልም ከልብስ ጋር አድርጌ በትልቁ ሻንጣ ላክሁ። ሁሉም ላይ እንደ ሞገድ ያለ ግራጫ መስመር ወጣበት። የሚጫነው ሻንጣ የሚያልፍበት ራጅ ኃይለኛ ነው። አሁን ደግሞ አንዳንድ አውሮፕላን ማረፊያ የእጅ ቦርሳውንም ሲቲ በሚባለው አዲስ ማሽን ነው የሚያሳልፉት፣ እሱ አንዴም ቢሆን ፊልም ሊያበላሽ ይችላል። በእጅ ይያዝ፣ ከካርቶኑ ወጥቶ በሚያሳይ ላስቲክ ይደረግ፣ "በእጅ ፈትሹልኝ" ተብሎ ይለመን። እዚህ አሜሪካ ከጠየቅሽ በእጅ ያዩልሻል። ሌላ አገር እንደ ሰውየው ፊት ነው።

የት ላውጣ ላልከው፣ ኢንስታግራም ላይ ቁመታም የፊልም ፎቶ አይመቸውም። ከላይና ከታች ይቆርጥብሃል። ዙሪያውን ነጭ ዳር ጨምረህበት አውጣ፣ እንደ ድሮ ፎቶም ይመስላል። ደግሞ ጥራቱን በጣም ይቀንሰዋል፣ የፊልሙ ፍሬ ፍሬ ወደ ጭቃነት ይቀየራል። እኔ ዋናውን ፍሊከር የሚባለው የፎቶ ድረ ገጽ ላይ ነው የማስቀምጠው። በነፃ 1,000 ፎቶ ይይዛል፣ በፊልም ለሚያነሳ ሰው 1,000 ማለት ዕድሜ ልክ ነው። ኢንስታግራም ለሰላምታ ነው፣ ፍሊከር ለቤት።

"የትኛው ፊልተር ነው" ላለህ ጓደኛ ደግሞ መልስ አለኝ። ፎቶውን ብቻ አታውጣ፣ ስድስቱ ፍሬም ያለበትን የኔጋቲቭ ቁራጭ እንዳለ አንስተህ ከኋላው አስከትል። ከአክስትህ በፊት ምን አነሳህ፣ ከሷ በኋላስ? ወንድምህ የከፈተውም ይታይ። ሰው እሱን ሲያይ ነው ገብቶት የሚቆም። እኔ የአንድ ሠርግ ፎቶ እንዲህ አድርጌ አውጥቼ፣ ከሙሽሮቹ ይልቅ ሰው የወደደው ድንኳኑ ውጪ ጫማዋን አውልቃ የተቀመጠችውን አስተናጋጅ ነበር፣ እኔ ራሴ ልዘላት የነበረችውን።

ፎቶ ቤት የነበርኩ

ልጆች፣ ስታወሩ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። 19 ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው ወጣትነቴ ያለቀው። ጣቶቼ እስካሁን ሃይፖ፣ ያ ፎቶው ብርሃን እንዳያበላሸው የሚያጸናው ኬሚካል፣ የሚሸቱ ይመስለኛል።

አክስትህ ልክ ናቸው። በኛ ጊዜ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ ፀጉሩን ተበጥሮ፣ ኮት ከሌለው ከኛው ኮት ተውሶ ነበር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኮትና ክራባት ነበረን፣ ለሁሉም የሚሆን፣ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ የሚጠብ። ፎቶ ማለት እንዲህ ነኝ ብለህ ለዘመድ የምትልከው ነው። ከኋላው "ለውድ ወንድሜ መታሰቢያ ይሁን" ተብሎ ይጻፍበትና በፖስታ ይሄዳል። ማን እንደሚያየው ባለቤቱ ያውቃል። አንተ አሁን የላክኸው ለማን እንደሆነ አክስትህ አያውቁም። እሱ ነው ያስከፋቸው እንጂ ሻሹ ብቻ አይደለም።

አጥፋው አልልህም። መጀመሪያ አሳትመህ ለእሳቸው ስጥ። በስልክ አታሳያቸው፣ ወረቀት ይሁን። ከዚያ ጠይቃቸው።

ንጹህ ፊልም

ጋሼ ያሉት ይስማማኛል። ግን እኔ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ሰዎች በፊልም አነሳን ይላሉ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ወስደው ሰማዩን ያጠቁራሉ፣ ብጉር ያጠፋሉ፣ አቧራውን ሁሉ ያጸዳሉ። ታዲያ ለምን በስልክ አያነሱም? እኔ እንደወጣ ነው የማወጣው። ነጩ ጥግም ይቅር፣ አትቁረጠው።

ፎቶ ቤት የነበርኩ

ልጄ፣ ብጉር በእርሳስ ነበር የምናጠፋው። ኔጋቲቩን በብርሃን ሳጥን ላይ አድርገን፣ የእርሳሱን ጫፍ እንደ መርፌ ቀርጸን፣ በአጉሊ መነጽር፣ ነጥብ በነጥብ። ሪታች እንለው ነበር። የሙሽራ ፎቶ ከሆነ አንድ ፊት ላይ ከሰዓት በኋላው ያልቅ ነበር። ሰማይም ሌላውን ክፍል በእጃችን እየጋረድን እናጠቁር ነበር፣ ወረቀቱ ላይ ብርሃን ሲወርድ። ጥቁርና ነጩን ፎቶ በጥጥ ቀለም የሚቀባ ሰውም ነበረን፣ ከንፈር ሲቀባ ትንሽ ያበዛው ነበር። "እንደወጣ" የሚባል ፎቶ እኔ አይቼ አላውቅም።

ንጹህ ፊልም

እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ። ብጉሩን ለእርስዎ ለቅቄያለሁ። ሰማዩ ላይ ግን አሁንም አልስማማም።

ቡናማው

ማንም ስለ ማጠቡ ያነሳ የለም እኮ! ለምን አሜሪካ ትልከዋለህ? ጥቁርና ነጭ ፊልም ቤት ውስጥ ይታጠባል፣ ያውም በቡና።

ቀልድ አይደለም። ካፌኖል ይባላል፣ በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሮቸስተር ያለ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር የሞከሩት ነው። የሚሟሟ ቡና፣ የልብስ ማጠቢያ ሶዳና ቫይታሚን ሲ ነው። ለአንድ ፊልም 300 ሚሊ ሊትር ውሃ በቂ ነው፤ በዚያ ላይ 16 ግራም ሶዳ፣ 5 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 12 ግራም ቡና። ሶዳውን አስቀድመህ አሟሟ፣ ቡናው መጨረሻ ይግባ። ውሃው 20 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ። ኤችፒ 5 ፈጣን ፊልም ስለሆነ ግራጫ የሚያደርገው ጉም ነገር ሊይዘው ይችላል፣ ለእሱ ትንሽ አዮዲን ያለው የገበታ ጨው ይጨምሩበታል። ሽታው ግን... እናቴ "ምን ሞቶ ነው?" ብላ በር ከፍታ ገብታለች፣ ደግነቱ ፊልሙ ያለበት ብርሃን የማያስገባው ታንክ ተዘግቶ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ የኛ ምርጥ ቡና ለዚህ አይሆንም። የሚሠራው ካፌይኑ ሳይሆን ቡናው ውስጥ ያለው አሲድ ነው፣ እሱ ደግሞ በርካሹ ሮቡስታ ይበዛል። ይርጋጨፌህን ጠጣው፣ ፊልምህን በርካሽ ነስካፌ እጠብ።

የልብስ ሶዳ ካጣህ ቤኪንግ ሶዳ ገዝተህ ደረቅ መጥበሻ ላይ በደንብ አሙቀው፣ እየተንፈሰፈሰ ይቀየራል። መቶ ግራሙ ወደ 63 ግራም ሲወርድ ደርሷል ማለት ነው። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም! ሶዳ። እኔ አንዴ ተሳስቼ አንድ ሙሉ ፊልም፣ የላሊበላ ጉዞዬን፣ ባዶ ላስቲክ አድርጌ አውጥቼዋለሁ።

ሃይፖው ብቻ ነው በቡና የማይተካው። እሱን ፈልግ።

የዜኒቱ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ እርስዎን በተለይ።

ሱቁን አዙሬ እንደገና አወጣሁት። የዚያ አበሻ መልስ፣ "አሁን ገብተን ስኳር መግዛት እንችላለን።"

የአክስቴን መጀመሪያ ከኢንስታግራም አወረድኩት። በጫማ ካርቶኑ ዘዴ እንደገና አንስቼ (እውነትም ሌላ ፎቶ ሆነ፣ የበርበሬው ዛላ አንድ በአንድ ይታያል) ያው ሰውየው ጋ፣ "በአምስት ደቂቃ" ያለኝ ጋ፣ ወረቀት ላይ አሳተምኩት። ቅዳሜ ይዤላት ሄድኩ። መነጽሯን አምጡ አለች። ረጅም ጊዜ አየችው። "እጄ የእናቴን እጅ መስሏል" አለች፣ ሌላ ምንም አላለችም። ቡና ተፈልቶ ስንነሳ ቡፌው መስታወት ጥግ ላይ፣ ከአጎቴ የወታደር ፎቶ ጎን ሰክታው አየሁ። ነጩ ጥግ ፍሬሙ ስር ተደብቋል፣ ንጹህ ፊልም ይቅርታ።

ኢንተርኔት ላይ መልሼ ላውጣው ወይ ስላት፣ "የእሁዱን በነጠላ አንሳኝና እሱን አውጣው፣ ይሄ የቤት ነው" አለችኝ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ፊልም ለእሁድ ልከፍተው ነው። ቡናማው፣ ነስካፌውና ቫይታሚን ሲው ተገዝቷል፣ ቤኪንግ ሶዳውም መጥበሻ ላይ ነው። ሃይፖ ግን አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደሚገኝ የምታውቁ በውስጥ ጻፉልኝ።