የኦክስጅን ቁጥሩ አልገባኝም፤ ነገ ጠዋት አቀርባለሁ!

ጠያቂ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ የሩጫ ኢኮኖሚ፣ ማለትም ሯጭ አንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ኦክስጅን እንደሚጨርስ፣ አዲስ አበባ ላይ እየለካሁ ነው። ትሬድሚሉ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው። የስምንት የክለብ ሯጮች አማካይ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት በኪሎ ሜትር 265 ሚሊ ሊትር ወጣ። ልጆቹ ላባቸውን እየጠረጉ እየተጫወቱ ነው የሚወርዱት፤ ትንፋሻቸውን የሚለካው ማሽን ግን ሮጠው የማያውቁ ያስመስላቸዋል፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሯጩ ቆጣቢ ነውና። አማካሪዬ አፍና አፍንጫቸው ላይ የሚደረገው ማስክ አየር ሳያፈስ አይቀርም አሉኝ። ቀየርኩት፤ ያው ነው።

አሠልጣኝ፦ ወንድሜ፣ በኦክስጅን ብቻ መለካት እየቀረ ነው። አንድ ሊትር ኦክስጅን ካርቦሃይድሬት ሲያቃጥል 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ ስብ ሲያቃጥል 4.7። ስለዚህ ውጤቱ በካሎሪ ይጻፍ። ደግሞም ትኩስ ሯጭን ብቻ መለካት አይበቃም፤ ከረጅም ሩጫ በኋላ ቁጠባው ምን ያህል ይበላሻል የሚለው ነው የዛሬው ጥያቄ። ጫማቸውንም መዝግብ! በ2017 የወጣው የኮሎራዶ ጥናት ሶሉ ውስጥ የካርቦን ሳህን ያለው ጫማ ወጪውን በአማካይ 4 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ሰላም፦ የማሽኑን የአየር መለኪያ በ3 ሊትር ሲሪንጅ ካሊብሬት አድርገው፤ ልክ 3 ሊትር አየር ገፍተህ ማሽኑ 3 ማለቱን እይ።

የሜዳ ሰው፦ የእኛ ሯጭ ሁሉ ቆጣቢ ነው ያለው ማነው? ኤርትራዊው ሯጭ ዘርሰናይ ታደሰ 150 ገደማ ተለክቶለታል፤ እርሱ ግን አንድ ሰው ነው። ያገኘኸውን ጻፍ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ማስክ ቢያፈስ ቁጥሩ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። የካርቦን ዳይኦክሳይድና የኦክስጅን ጥምርታው ስንት ነው? የአየር ግፊትስ ስንት ብለህ አስገባህ?

ጠያቂ፦ ጥምርታው 0.88። ግፊቱ 760፤ የስልኬ ባሮሜትርም 762 ይላል።

ሰላም፦ ሲሪንጁን ሞክረኸዋል?

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ አገኘነው። ጥምርታው ጤነኛ ስለሆነ የጋዝ ዳሳሾቹን አትንካ፤ ከልክ በላይ የተቆጠረው የአየሩ መጠን ነው። ስልክህ የሚናገረው በሄክቶፓስካል ነው፤ ማሽኑ የሚጠይቅህ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። የስልክህ 762 ሲመነዘር 572 ገደማ ይሆናል። አንተ ያስገባኸው 760 የባሕር ጠለል ግፊት ነው! ከሁለቱም ላይ የውኃ ተኑን 47 ቀንስና 525ን ለ713 አካፍል፤ 0.736። 265 በዚህ ሲባዛ 195 ይሆናል፤ ለሠለጠነ ሯጭ ደህና ቁጥር ነው። 47 የሚሠራው በ37 ዲግሪ ሙቀት ስለሆነ፣ ማሽኑ የሚወጣውን አየር በ37 ዲግሪ ቆጥሮት እንደሆነ ግን ከጥሬው ፋይል አረጋግጥ።

የሜዳ ሰው፦ ይህንስ እኔም እቀበላለሁ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ጥሬው ፋይል ያለው ላቦራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ሰው ስልክ አያነሳም። ቤቱ ድረስ እየሄድኩ ነው።