የውሻና የድመት ምግብ ሌብል ላይ መጀመሪያ ምን ይታያል?

ባለሱቅ_ሜሪላንድ፦
ሰላም ወገኖች። የቤት እንስሳት ምግብ መሸጫ ልንከፍት ነው። አከፋፋዩ «ሁሉም በአፍኮ የጸደቀ ነው» ይለናል። ይሄ ይበቃል? ደግሞ የጣሳው ፕሮቲን 10 በመቶ፣ የደረቁ 26 በመቶ ነው፤ ጣሳው ደካማ ነው ማለት ነው? ሰፕሊመንትስ (እንደ ቫይታሚን ያለ ተጨማሪ) እንዴት ነው?

የመኖ_ነገር፦
አፍኮ አያጸድቅም፣ አይመረምርምም። የስቴት መኖ ተቆጣጣሪዎች ማኅበር ነው፤ መመዘኛ ያወጣል እንጂ የሚያስፈጽሙት ስቴቶቹና ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ) ናቸው። «ጸድቋል» የሚላችሁን ሻጭ ሌላውንም ወሬውን መርምሩ።

እናንተ የምትፈልጉት ከከረጢቱ ጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን ዓረፍተ ነገር ነው። «ኮምፕሊት ኤንድ ባላንስድ» (የተሟላና የተመጣጠነ) ካለች ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ አብራ ትናገራለች። «ኢንተርሚተንት ኦር ሰፕሌመንታል» (አልፎ አልፎ ወይም ለተጨማሪነት) ካለች ግን ብቻውን የሚበላ ምግብ አይደለም፤ ከዋናው ጋር አትደርድሩት። ሲያድግ 70 ፓውንድና ከዚያ በላይ ለሚሆን ቡችላ መግለጫው ትልልቅ ውሾችን ለይቶ መጥቀስ አለበት፤ ካልሲየም ሲበዛ አጥንታቸው ይበላሻል።

ፕሮቲኑን ውሃውን አውጥታችሁ አስሉት። ጣሳው 78 በመቶ ውሃ ከሆነ የሚቀረው 22 ነው፤ 10 ለ22 ሲካፈል 45 በመቶ ገደማ። ደረቁ 10 በመቶ ውሃ ካለው 26 ለ90፣ 29 በመቶ። ጣሳው በለጠ! አፍኮ ያወጣው ዝቅተኛው የፕሮቲን መጠንም (በመቶ፦ ላደገ ውሻ 18፣ ለቡችላ 22.5፣ ላደገች ድመት 26፣ ለግልገሏ 30) የሚለካው እንዲሁ ውሃው ወጥቶ ነው።

ቨርጂንያ_ፋርማሲ፦
ሰፕሊመንት ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የ1994ቱን የሰው ሰፕሊመንት ሕግ ይዞ ነው፤ ለእንስሳ አይሠራም። በኤፍዲኤ ዓይን ዕቃው ወይ ምግብ ነው ወይ መድኃኒት። «አርትራይተስ ያድናል» የሚል ጽሑፍ ያልጸደቀ መድኃኒት ያደርገዋል፤ እናንተም መደርደሪያው ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳትለጥፉ። የኤንኤኤስሲ (የእንስሳ ሰፕሊመንት አምራቾች ማኅበር) ቢጫ ማኅተም አምራቹ የማኅበሩን ኦዲት ማለፉን ያሳያል፤ የመንግሥት ፈቃድ ግን አይደለም።

የመኖ_ነገር፦
ስሙንም እዩ። «ችክን ዲነር» ሲል ዶሮው ቢያንስ 25 በመቶ ነው፤ «ዊዝ ችክን» ሲል 3 በመቶ ይበቃዋል፤ «ፍሌቨር» ከሆነ ጣዕሙ ብቻ።

ባለሱቅ_ሜሪላንድ፦
ከከረጢት አውጥተን በኪሎ ብንሸጥስ?

ቨርጂንያ_ፋርማሲ፦
መጀመሪያ ስቴቱን ጠይቁ፤ አዲስ ማሸጊያ አዲስ ሌብል ይፈልጋል። ባዶውን ከረጢት ደግሞ አትጣሉ፤ ሎት ቁጥሩና (የምርቱ ዙር መለያ) የማብቂያ ቀኑ እሱ ላይ ነው። አዲሱን አሮጌው ላይ ከደፋችሁት ሪኮል (ዕቃው ከገበያ ይሰብሰብ የሚል ጥሪ) ሲመጣ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም፤ ሁሉንም መጣል ነው። በርሜሉን ጨርሱ፣ እጠቡ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ሙሉ።